በዝናብ ውስጥ የተሰጠ ዋንጫ
የጎልፍ ተጫዋቹ የፓፕዋ ሴውጎለም የሕይወት ታሪክ

የገና በዓል ሲደርስ በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል ግርጌ ባሉት ሜዳዎች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ደጋ ሁሉ፣ ልጁም ጎልማሳውም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ከሁለት ወገን ተከፍለው ጥንጓን እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ድንበር ለማሳለፍ ይራኮታሉ። ይህ ጨዋታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይገጥማሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢገፋው፣ ወይም በግጥም ቢነካው፣ ቂም አይያዝበትም። በማግስቱ ሁሉም ወደየደረጃው ይመለሳል፤ ቢሆንም ለአንድ ቀን ያህል ሜዳው የእጅን ቅልጥፍና እንጂ የትውልድን ሐረግ አይጠይቅም።

ይህን ልማድ አስቀድመን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ስለ ሌላ የዱላና የጥንግ ጨዋታ፣ ስለ ጎልፍ፣ በዚህም ጨዋታ እንጀራውን ይበላ ስለነበረ አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው። ይህ ሰው በሜዳው ላይ ከጌቶቹ ጋር ገጥሞ አሸነፈ። የአገሩ ሕግ ግን፣ ለአንዲት ቀን እንኳ፣ ከነሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲቆም አልፈቀደለትም። ስሙ ሴውሰንከር ሴውጎለም ይባላል፤ ወዳጆቹና የስፖርት ጋዜጠኞች ሁሉ የሚያውቁት ግን ፓፕዋ በሚለው የቁልምጫ ስሙ ነውና እኛም እንዲሁ እንጠራዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጎልፍን በዓይኑ ላላየ ሰው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ጨዋታው ያደገው በስኮትላንድ ነው። በ1457፣ በዳግማዊ ጄምስ ዘመነ መንግሥት፣ የስኮትላንድ ወጣቶች የቀስት ልምምዳቸውን ትተው በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜያቸውን እንዳያጠፉ የሚከለክል ሕግ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። የኛ ገና ወገን ከወገን የሚገጥምበት የሩጫና የግፊያ ጨዋታ ሲሆን፣ ጎልፍ ግን እያንዳንዱ ለራሱ የሚጫወተው የዝግታ ጨዋታ ነው። በሰፊ መስክ ላይ ዐሥራ ስምንት ጉድጓዶች ተራርቀው ይቈፈራሉ፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ስፋት ዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ተጫዋቹ ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ እየመታ ከነዚህ ጉድጓዶች በተራ ይከታታል። የመታበት ቁጥር ይመዘገባል፤ በትልልቅ ውድድር ሜዳውን አራት ጊዜ ዞሮ ሰባ ሁለቱን ጉድጓድ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። እንግዲህ እዚህ ላይ አድልዎ መግቢያ ቀዳዳ የለውም። በቡጢ ወይም በዳንስ ውድድር ዳኛ ለወገኑ ሊያደላ ይችላል፤ በጎልፍ ግን ሰባ ምት ሰባ ምት ነው፤ የመታው እጅ ጥቁር ይሁን ነጭ ቁጥሩ አይለወጥም።

የፓፕዋ ታሪክ የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት፣ በ1860 ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር በስኮትላንድ ፕሬስትዊክ በተባለ ሥፍራ ስምንት ሰዎች ተሰብስበው፣ ዛሬ የብሪታንያ ኦፕን የሚባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አደረጉ። በተከታዩም ወር ትሩሮ የተባለች መርከብ ከሕንድ አገር ሠራተኞችን ጭና በደቡብ አፍሪካ ወደብ በደርባን ደረሰች። እነዚህ ሕንዶች በናታል የሸንኮራ አገዳ እርሻ ለተወሰነ ዓመት በውል ሊሠሩ የመጡ ናቸው። ውላቸውን ከጨረሱ በኋላ ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ፤ ወለዱ፣ ከበዱ፣ አትክልት ተከሉ፣ ዓሣ አጠመዱ፣ በነጮች ቤትና ሆቴል አገለገሉ። ከነዚህ ሕንዶች ዘር በደርባን፣ በኡምጌኒ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በሪቨርሳይድ መንደር፣ ወደ 1930 ግድም አንድ የድኻ ልጅ ተወለደ። ፓፕዋ እርሱ ነው።

ከመንደሩ አጠገብ ቢችውድ የሚባል የነጮች የጎልፍ ሜዳ ነበረ። ልጁ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘም፤ ማንበብና መጻፍ ሳይማር ነው ያደገው። የተማረው በአጥር ውስጥ የሚደረገውን እያየ ነው። ከዛፍ ቅርንጫፍ ዱላ ቈርጦ፣ የኛ አገር እረኛ ለገና እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ጫፉ የጎበጠውን መርጦ ኳስ ይመታ ጀመር። አስተማሪ አልነበረውምና ዱላውን የያዘው እጁ ራሱ በወደደው መንገድ ነበር። ይህ ነገር በኋላ በዓለም የታወቀበት ምልክት ስለሆነ በጥቂቱ ልናብራራው ይገባል። ቀኝ እጁን የለመደ ማንኛውም የጎልፍ ተጫዋች ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኝ እጁን ከታች አድርጎ ነው ዱላውን የሚጨብጠው። ፓፕዋ ግን ይህን ገልብጦ ግራውን ከታች፣ ቀኙን ከላይ ያደርግ ነበር። ለአስተማሪዎች ይህ ነውር ነው፤ ጀማሪ እንዲህ ሲይዝ ካዩ ወዲያውኑ ያርሙታል። ፓፕዋን ግን የሚያርመው ሰው አልነበረውም፤ ሊያርሙት የሚችሉት ሰዎች ባዩት ጊዜ ደግሞ ለመታረም በጣም ዘግይቶ ነበር፤ ምክንያቱም ያሸንፋቸው ጀምሯል።

በመጀመሪያ ወደ ሜዳው የገባው በተጫዋችነት አይደለም። የነጮችን የዱላ ከረጢት ተሸክሞ ከኋላቸው የሚከተልና ኳሳቸውን የሚፈልግ ልጅ ሆኖ ነው። ይህን ሥራ እንግሊዞች ካዲ ይሉታል። (በወሎ ቃዲ ሲባል የሸሪዓው ዳኛ ነውና አንባቢያችን እንዳይምታታበት፤ የደርባኑ ካዲ የሚሸከም እንጂ የሚፈርድ አይደለም።) ሆኖም ተሸካሚነት የራሱ ትምህርት አለው። ካዲ ነፋሱን፣ የሣሩን አተኛኘት፣ የመሬቱን ዳገትና ቁልቁለት ከጌታው ይልቅ ያውቃል፤ የትኛው ዱላ ለየትኛው ርቀት እንደሚሆን ከመቶ ሰው ስሕተት ይማራል። በዚህ ዓይነት ያደገው ልጅ ነጭ ላልሆኑ ሰዎች ብቻ በሚዘጋጁት ውድድሮች መግባት ሲጀምር ዋንጫዎቹን እየደጋገመ ወሰዳቸው። እነዚያ ውድድሮች ግን ሽልማታቸው ትንሽ፣ ሜዳዎቻቸውም ብዙውን ጊዜ ደረቅና ያልተስተካከሉ ነበሩ። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው በዚያ ብቻ ሊኖር አይችልም።

በደርባን ግራሃም ዉልፍ የሚባል ነጭ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው ኦይል ኦቭ ኦሌይ የሚባለውን፣ በዓለም ሴቶች ዘንድ የታወቀውን የፊት ቅባት የፈለሰፈ ነው። ፓፕዋ ለዉልፍ ከረጢት ይሸከም ነበርና ሰውየው የተሸካሚው ምት ከራሱ እጅግ የላቀ መሆኑን ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። የሚያስገርመው ማየቱ አይደለም፤ ሌሎችም አይተዋል። እርሱ ግን ያየውን ወደ ሥራ ለወጠው። በ1959 ፓፕዋን ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። በዚያ አህጉር፣ ከየአገሩ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ተወዳድሮ፣ ፓፕዋ በዚያው ዓመት የሆላንድን ኦፕን አሸነፈ። ሰዎች አጋጣሚ ነው እንዳይሉ በሚቀጥለው ዓመት በ1960 ተመልሶ ያንኑ ዋንጫ ደገመው፤ በ1964 ደግሞ ሠለሰው።

ፓፕዋ በሆላንድ በአንድ በር ከሁሉም ጋር ገባ፤ ከሁሉም ጋር በላ፤ በተጫዋቾቹ ክፍል ልብሱን ለወጠ። ይህን ዛሬ ስንጽፈው ተራ ነገር ይመስላል። ለአንድ የናታል ሕንዳዊ ግን ተራ ነገር አልነበረም። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ የአውሮፓ ባለ ዋንጫ በደርባን ከተማ ካሉት ታላላቅ የጎልፍ ሜዳዎች በአንዱ እንኳ ያለ ልዩ ፈቃድ ዱላ ማንሣት አይችልም ነበር።

ይህ ፈቃድ የሚባለው ነገር ለወጣት አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ዛሬ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጡት፣ ሊጤን የሚገባው ነው። በ1948 በደቡብ አፍሪካ ሥልጣን የያዘው የናሽናል ፓርቲ መንግሥት ዘርን ከዘር የሚለየውን አፓርታይድ የተባለ ሥርዓት በሕግ አደላደለ። በ1950 የወጣው የመኖሪያ አካባቢዎች አዋጅ አገሪቱን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ከፋፈላት፤ ይህ ሠፈር ለነጭ፣ ያ ለሕንድ፣ ያ ለጥቁር ተባለ። በደርባን ብዙ የሕንድ መንደሮች ከነቤተ መቅደሳቸውና ከነጓሯቸው ተነቅለው ወደ ሩቅ ተጣሉ። በዚህ አዋጅ መሠረት በነጮች ክልል ውስጥ ባለ የጎልፍ ሜዳ ሕንዳዊ ሊጫወት ቢፈልግ አስቀድሞ ማመልከቻ ማግባት ይኖርበታል። ማመልከቻው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ይፈቀድ ይሆናል፣ አይፈቀድም ይሆናል፤ ቢፈቀድም ለአንድ ውድድር ብቻ ነው። ጅራፍ የያዘ ሰው የለም፤ የሚጮህም የለም። ሁሉም የሚፈጸመው በንጹሕ ወረቀት፣ በቀለምና በማኅተም ነው። ግፍ ሁልጊዜ በጉልበተኛ ፊት አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ መነጽር አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሰዓቱ ቢሮ ይገባል።

በጥር 1963 የናታል ኦፕን ውድድር በደርባን ካንትሪ ክለብ ተደረገ። ፓፕዋ ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ገባ። ከመቶ የሚበልጡ ነጭ ተጫዋቾች ይወዳደራሉ፤ ነጭ ያልሆነው እርሱ ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል የደርባን ሕንዶች በብዛት መጥተው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይከተሉት ነበር። አራቱ ዙር ሲያበቃ ምቶቹ ተቈጠሩ፤ ትንሹ ቁጥር የፓፕዋ ሆነ። በአገሩ ታሪክ የክፍለ ሀገር ኦፕን ያሸነፈ የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ተጫዋች እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ በፎቶግራፍ አይቶታል። ዋንጫው ሊሰጥ ሲል ዝናብ ይወርድ ነበር። ነጮቹ ተወዳዳሪዎች በክለቡ ቤት ውስጥ ተጠልለዋል። ፓፕዋ ግን ወደ ክለቡ ቤት መግባት አይችልም። የተፈቀደለት በሣሩ ላይ መጫወት እንጂ ከጣሪያው ሥር መቆም አልነበረም። ስለዚህ አሸናፊው በውጭ፣ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ዋንጫውን ተቀበለ። በዚያው ሰዓት በክለቡ ቤት ውስጥ ለነጮቹ መጠጥ የሚያዞሩት አስተናጋጆች ሕንዶች ነበሩ። ይህን ነጥብ አንባቢያችን እንዲያስተውልልን እንወዳለን። ሕጉ ሕንዳዊን ከቤቱ አልከለከለም፤ ትሪ ይዞ እንዲገባ ፈቅዷል። የከለከለው ዋንጫ ይዞ እንዳይገባ ነው።

የአምባሰል ሰው አንዲት ቃል በወረቀት ላይ ምን ልታመጣ እንደምትችል ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በ1889 በዚያው በአምባሰል፣ በውጫሌ፣ ከኢጣሊያ ጋር በተፈረመው ውል ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢወዱ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር እንደሚችሉ ሲያመለክት፣ ኢጣሊያንኛው ነገሩን ግዴታ አድርጎት ነበር። ከዚያች ልዩነት የዐድዋ ጦርነት ተወለደ። ለፓፕዋ የተሰጠው ወረቀትም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ መጫወት ይችላል ከሚለው ቃል አጠገብ መግባት የሚል ቃል አልነበረበትም፤ የዚያች ቃል መጉደል ነው ሰውየውን በዝናብ ያስመታው።

እርግጥ ነው፣ የጎልፍ ባለሙያዎች በክለብ ቤት በር መቆም በፓፕዋ አልተጀመረም። በራሷ በእንግሊዝ አገር ለገንዘብ የሚጫወት ሰው እንደ ሎሌ ይቆጠር ነበር፤ ዱላ ይሠራል፣ ሜዳ ይጠብቃል፣ ጌቶችን ያስተምራል፣ በፊት ለፊት በር ግን አይገባም። በ1920 ዋልተር ሄግን የሚባል አሜሪካዊ በዲል ከተማ ወደ ተደረገው የብሪታንያ ኦፕን በመጣ ጊዜ የክለቡ ቤት እንዳይገባ ቢከለከል፣ አንድ የሚያንጸባርቅ ሊሙዚን ተከራይቶ በክለቡ በር ፊት አስቆመና በዚያ ውስጥ ልብሱን ይለውጥ ጀመር። ያን ጊዜ በጨዋታው ሃምሳ ሦስተኛ ነበር የወጣው፤ ግን አልተበገረም፤ ከ1922 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት ያንኑ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፎ ባለሙያዎቹን በክብር በር አስገባቸው። ወጣቶች ሄግንን ቢያደንቁ አንፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ የሄግንና የፓፕዋ ነገር አንድ አይደለም። ሄግንን የዘጋው የክለብ ትዕቢት ነው፤ ትዕቢትን በሊሙዚን ማሳፈር ይቻላል። ፓፕዋን የዘጋው የመንግሥት ሕግ ነው፤ ፓፕዋም ሊሙዚን የሚከራይበት ገንዘብ አልነበረውም።

በዚያው በ1963 የደቡብ አፍሪካ ኦፕንን ለማሸነፍ አንዲት ምት ብቻ ጎደለችው፤ ሪቲፍ ዋልትማን አንደኛ፣ እርሱ ሁለተኛ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 ደግሞ የናታል ኦፕንን ዳግመኛ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ ካሸነፋቸው መካከል ጌሪ ፕሌየር ነበረበት። ፕሌየር በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካንን ኦፕን አሸንፎ አራቱን የዓለም ታላላቅ ውድድሮች ካጠናቀቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ለመሆን የበቃ ነው። ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። አንደኛው ባሸነፈ ቍጥር የአገሩ መንግሥት ይኮራበት ነበር፤ ሁለተኛው ባሸነፈ ቍጥር መንግሥቱ ይደነግጥ ነበር። ፕሌየር ራሱ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን መንግሥት ፖለቲካ ደግፎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ ዘመን ግን ያን አቋሙን ትቶ አፓርታይድን ነቅፏል።

መንግሥቱ ለምን ደነገጠ? እንደ እኛ አስተያየት ምክንያቱ ቀላል ነው። አፓርታይድ የቆመው ነጭ ይበልጣል በሚል እምነት ላይ ነው። ፓፕዋ ንግግር አላደረገም፤ ሰልፍ አልመራም፤ መጽሐፍም መጻፍ አይችልም ነበር። ነገር ግን አራት ዙር ተጫውቶ ያስመዘገበው ቍጥር ያን እምነት ሐሰት ነው ይል ነበር፤ ቍጥርን ደግሞ ማሰር አይቻልም። ስለዚህ ሰውየውን አሰሩት፤ በወህኒ ቤት አይደለም፣ በማኅተም ነው። በየካቲት 1965 ዘሮች በአንድ መዝናኛና በአንድ ስፖርት ሜዳ እንዳይቀላቀሉ የሚያጠብቅ አዋጅ ወጣ። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ፓፕዋ በነጮች ውድድር እንዳይገባ ተከለከለ። ወደ ውጭ አገር ሄዶ እንዳይጫወት ደግሞ ፓስፖርቱ ተወሰደበት። በሠላሳዎቹ ዕድሜው፣ አንድ የጎልፍ ተጫዋች ገና ሙያው በሚበስልበት ወራት፣ የፓፕዋ ሥራ በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አለቀ።

አንዳንድ ወጣት አንባቢ፣ ፓፕዋ መጀመሪያውኑ ያንን የሚያዋርድ ፈቃድ ባይጠይቅ አይሻልም ነበርን? ይል ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፈቃድ የጠየቀ ሰው ፈቃድ ሰጪውን ያከበረ ይመስላል። ነገር ግን ፓፕዋ ባይጠይቅና ባይገባ ኖሮ ያ ዝናብና ያ ፎቶግራፍ አይኖሩም ነበር፤ ዓለምም ስለ ናታል የጎልፍ ክለብ ደንብ አንዳች አያውቅም ነበር። ደግሞም ልጆቹን የሚያበላው በዱላው ነው። ሌላ ሙያ አልተማረም። ለእኛ የሚመስለን፣ የሚጠየቀው ፈቃድ የለመነው ሳይሆን ፈቃድ የሚያስለምነውን ሕግ የጻፈው ነው።

በዚህ ዘመን ኢትዮጵያ በዝምታ አልተመለከተችም፤ የፓፕዋም ታሪክ ከአገራችን ታሪክ ጋር በዚህ በኩል ይገናኛል። በ1957 በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ ሲደረግ ተወዳዳሪዎች እንዲሆኑ የታሰቡት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ዘር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ባላጋራዋ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ እስከ 1987 ድረስ በዚህ ጉዳይ አቋማቸውን አላላሉም። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (በዛሬዋ ናሚቢያ) ጉዳይ በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ1966 የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱን ሳይቀበል ቀረ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት ተማሩ። ፓፕዋ በዝናብ ዋንጫውን በተቀበለ በአራተኛው ወር፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ።

የስፖርቱም በር በደቡብ አፍሪካ ላይ ተራ በተራ ተዘጋ። በ1964 ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ተከለከለች፤ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ድል ያገኘበት ኦሊምፒክ ነው። በ1970 ከዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ጨርሶ ተባረረች። በ1976 ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች፤ ምሩጽ ይፍጠርም በዚያ ምክንያት አልሮጠም። የዝናቡ ፎቶግራፍ በብዙ አገር ጋዜጦች ወጥቶ ይህን ክርክር ላነሡት ሰዎች ትልቅ ማስረጃ ሆኖላቸው ነበር። እንግዲህ ማንበብ የማይችለው ሰው ምስል በሚያነቡት ሁሉ እጅ ዞረ።

እርሱ ግን በደርባን ተቀምጦ ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ታሪክ አጭርና ጭር ያለ ነው። ነጭ ላልሆኑት በሚደረጉት ውድድሮች ተጫወተ፤ ሽልማቱ ቤት የሚያቆም አልነበረም። ከሆላንድ ሦስት ዋንጫ ያመጣ ሰው በድኽነት ኖረ። በሐምሌ 1978 በልብ ድካም ሞተ፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ነው። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ቪንሰንት ሻባላላ የተባለ ሌላ ጥቁር የደቡብ አፍሪካ ሰው የፈረንሳይን ኦፕን ሲያሸንፍ ፓፕዋ በሕይወት ነበረ።

አፓርታይድ የወደቀው ፓፕዋ ከሞተ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1994 በተደረገው ምርጫ ነው። ክሪስ ኒኮልሰን የሚባሉ የአገሩ ዳኛ ታሪኩን በመጽሐፍ ጻፉለት፤ የሕግ ሰው መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ተገቢ ይመስለናል። በደርባን ከተማ ያለ አንድ የሕዝብ የጎልፍ ሜዳም በስሙ ይጠራል።

ስለዚያ የተገለበጠ አያያዙ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ረጅሙን ምት በዚያ ዓይነት የሚመታ ባለሙያ ዛሬም ብርቅ ነው። ነገር ግን ኳሷ ወደ ጉድጓዱ ከቀረበች በኋላ፣ ቀስ ብሎ በሚገፋበት በመጨረሻው ምት፣ ግራ እጅን ከቀኝ በታች ማድረግ አሁን በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ አስተማሪዎችም ያስተምሩታል። በ2015 በአሜሪካ የማስተርስንና የዩናይትድ ስቴትስን ኦፕን በአንድ ዓመት ያሸነፈው ጆርዳን ስፒዝ ኳሷን ወደ ጉድጓድ የሚገፋው በዚሁ አያያዝ ነው።